ቤሪል ማርካም፤ የናይሮቢዋ አብራሪ

አውሮፕላን ሰማይን መቅዘፍ በጀመረበት ዘመን፣ አንድ ሰው ለአብራሪነት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚባለው በአብዛኛው ዐይኑ አጥርቶ ማየቱ፣ እጁ መፍጠኑና ልቡ አለመፍራቱ እየታየ ነበር። ሰውየው ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው፣ ምክር ይሰማ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ሲቸኩል ወይም ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። ደፋር ከሆነ ይበቃል ይባል ነበር። ይህ አስተሳሰብ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ካስከፈለ በኋላ ግን የአብራሪ ጠባይ ከሞተሩና ከክንፉ ባልተናነሰ ሁኔታ መመርመር እንዳለበት ታወቀ። በዚህ ምንባብ ታሪኳን የምናነበው ሴት የኖረችው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ይሁን እንጂ በእርሷና በወዳጆቿ ሕይወት ውስጥ የጥናቱ ፍሬ ነገር አስቀድሞ ይታያል። (በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤሪል ማርካም የተወለደችው በኦክቶበር 26 ቀን 1902 በእንግሊዝ አገር ነው። የአባቷ ስም ቻርልስ ክላተርባክ ይባላል። ገና በአራት ዓመቷ ገደማ ቤተሰቡ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተሰደደ፤ አባቷም ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ፣ ንጆሮ በተባለ ስፍራ መሬት ይዞ እርሻና የፈረስ ርቢ ጀመረ። ይህ ስምጥ ሸለቆ አገራችንን አቋርጦ የሚወርደው ያው ሸለቆ መሆኑን ልብ ይሏል። እናቷ የአገሩ ኑሮ ስላልተስማማት ብዙም ሳትቆይ ወንድሟን ይዛ ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። ትንሺቱ ቤሪል ከአባቷ ጋር ቀረች።

አባትየው ከጧት እስከ ማታ በሥራ የተጠመደ ሰው ስለነበረ፣ ልጅቱን ያሳደጓት አብዛኛውን ጊዜ በእርሻው ላይ የሚሠሩት የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ቋንቋቸውን ከራሷ ቋንቋ እኩል ለመደች። ከልጆቻቸው ጋር በባዶ እግሯ ሮጠች፤ ጦር መወርወርን፣ የአውሬ ዱካ መከተልን፣ በሣር ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ መሄድን ተማረች። ከእነዚህ አብሮ አደጎቿ መካከል ኪቢ የተባለው ልጅ፣ ካደገ በኋላ አራፕ ሩታ የተባለው፣ በፈረስ ጋጣውም በኋላም በአውሮፕላን ሥራዋ ለብዙ ዓመታት አልተለያትም።

ከልጅነት ታሪኮቿ አንዱን እዚህ ማንሣት ይጠቅማል። የአባቷ ወዳጅ የሆነ አንድ ገበሬ ከግልገልነቱ ጀምሮ ያሳደገው አንበሳ ነበረው። አንበሳው ሳይታሰር በግቢው ዙሪያ ይዞር ነበር፤ ሰውም ለምዶታል ብሎ አይፈራውም ነበር። አባቷ ግን ሰው ያሳደገው አንበሳ ፈጽሞ እንደማይታመን ነግሯት ነበር። አንድ ቀን ልጅቱ በአጠገቡ እየዘፈነች ስትሮጥ አንበሳው ከኋላዋ ተወርውሮ ጣላትና በጥፍሩ ቧጨራት። ሰዎች ደርሰው አስጣሏት። ጠባሳው ዕድሜ ልኳን ከሰውነቷ ላይ አልጠፋም። በዚህ ታሪክ ላይ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚጨምረው ቢኖር፣ አውሮፕላንም እንደዚያ አንበሳ መሆኑን ነው፤ ሰውን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ለመደኝ በተባለበት ሰዓት ነው።

ቤሪል ለሕግና ለሥርዓት በቀላሉ የምትገዛ ልጅ አልነበረችም። ናይሮቢ ከነበረ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ በአመፀኛነቷ ተባረረች። ትምህርቷንም በዚያው ጨረሰች ማለት ይቻላል። በ1920 ገደማ በደረሰው ድርቅ ምክንያት አባቷ ከስሮ እርሻውን ሲለቅና ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ ፔሩ ሲሄድ፣ እርሷ አብራ አልሄደችም። የምታውቀው ሙያ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ፈረስ ማሠልጠን። በ18 ዓመቷ ገደማ የእሽቅድምድም ፈረስ አሠልጣኝነት ፈቃድ አወጣች። በኬንያ ይህን ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። ፈረሶቿም በናይሮቢ ሜዳ ብዙ ጊዜ አሸንፈዋል።

በዚያን ጊዜ ናይሮቢ ከባቡር ሐዲድ ጋር አብራ የበቀለች ወጣት ከተማ ነበረች። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት በመሆኑ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ነገር ግን ስስ ነው። ስስ አየር የሞተርን ጉልበት ይቀንሳል፣ የክንፍንም የመሸከም ኃይል ያሳንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ላይ በአጭር ሜዳ የሚነሣ አውሮፕላን እዚያ ሲደርስ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። በእነዚያ ዓመታት ከአውሮፓ በመርከብ እየመጡ በናይሮቢ መብረር የጀመሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ክንፋቸው ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ፣ ሬዲዮ የሌላቸው፣ አብራሪው ራሱን ለነፋስ አጋልጦ የሚቀመጥባቸው ነበሩ። በ1928 ማያ ካርበሪ የተባለች ወጣት አብራሪ ከምታስተምረው ሰው ጋር በናይሮቢ ሜዳ ላይ ተከስክሳ ሞተች። የዚህች ሴት ባል ጆን ካርበሪ ሲሆን፣ ስሙን ወደ ኋላ ደግመን እናገኘዋለን።

በ1929 ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን የተባሉ ሴት በናይሮቢ አንድ የአየር ማመላለሻ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ዊልሰን ኤርዌይስ ይባል ነበር። ዛሬ በናይሮቢ ለትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያገለግለው የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ስሙን ያገኘው ከእኒህ ሴት ነው። የድርጅቱ ዋና አብራሪ ቶም ካምቤል ብላክ ነበር። ካምቤል ብላክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሥራው ጥንቁቅ የሆነ ሰው ነበር። በ1931 ታዋቂው ጀርመናዊ አብራሪ ኤርንስት ኡዴት በሱዳን፣ በነጭ ዓባይ አካባቢ ወድቆ ሲጠፋ ፈልጎ ያገኘውና ያዳነው እርሱ ነው።

ቤሪል በ28 ዓመቷ ገደማ የካምቤል ብላክ ተማሪ ሆነች። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዚህች ሴት ሕይወት በሰማይ ላይ ያልጠፋው በአብዛኛው በዚህ መምህር ምክንያት ነውና። ከትምህርት ቤት የተባረረች፣ ከአንበሳ ጥፍር የተረፈች፣ ደንገጥ ማለት የማታውቅ፣ ማንም እንዲያዝዛት የማትወድ ሴት ወደ አውሮፕላን ስትወጣ ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ካምቤል ብላክ ግን ድፍረቷን አላደነቀላትም፤ አልገሠጻትምም። ስሕተቱ ራሱ እንዲያስተምራት ያደርግ ነበር።

ቤሪል ከብዙ ዓመታት በኋላ በጻፈችው መጽሐፍ እንደምትተርከው፣ አንድ ቀን በንጎንግ ኮረብታዎች አቅጣጫ እየበረሩ ሳለ አውሮፕላኑ ቀስ በቀስ ቁመቱን እያጣ መሄድ ጀመረ። ሞተሩ ደኅና ነው፤ መሪው ቀና ነው፤ ነገር ግን ኮረብታው እየቀረበ፣ አውሮፕላኑ እየዘቀጠ ሄደ። በፊት ለፊት መቀመጫ ያለው መምህር ምንም አልተናገረም። ተማሪዋ ይበልጥ መሪውን ብትስብም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ፣ ጊዜው ሳያልፍ፣ መምህሩ መሪውን ተቀብሎ አውሮፕላኑን አዞረው። በኮረብታው ላይ የሚፈሰው ነፋስ ወደ ታች እንደሚደፍቅ ያን ቀን በቃል ሳይሆን በሰውነቷ ተማረች። ከዚያ በኋላ ወደ ኮረብታ ስትሄድ በቂ ቁመት ሳትይዝ አትጠጋም ነበር።

ሌላው ትምህርቱ ስለ ኮምፓስ ነበር። ሰው በደመና ወይም በጨለማ ውስጥ ሲገባ ጆሮውና ስሜቱ ይዋሹታል። አውሮፕላኑ ወደ ጎን ተጋድሞ እየሄደ ሳለ አብራሪው ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ ሊል ይችላል። ካምቤል ብላክ የማይዋሸውን መሣሪያ ትቶ የራስን ስሜት ማመን የትዕቢት አንዱ መልክ መሆኑን አጥብቆ ያስተምር ነበር። ከዚህም በላይ ሞተርን ፈትቶ መገጣጠምን፣ ነዳጅን በጨርቅ አጣርቶ መቅዳትን፣ ከመነሣት በፊት እያንዳንዱን ገመድና ብሎን በእጅ መዳሰስን አስለመዳት። የአገራችን ሰው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል፤ ይህ አነጋገር ለአብራሪ የተነገረ ይመስላል።

በ1931 ሜይ ወር በናይሮቢ የነበሩትን ሁሉ ያስደነገጠ አደጋ ደረሰ። ዴኒስ ፊንች ሃተን የሚባል፣ በትውልዱ የእንግሊዝ መኳንንት ወገን የሆነ፣ በአደን መሪነት የታወቀ ሰው ነበር። ዴንማርካዊቷ ደራሲ ካረን ብሊክሰን ስለ ኬንያ በጻፈችው መጽሐፍ ምክንያት ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። ይህ ሰው በእንግሊዝ አገር መብረርን ተምሮ ጂፕሲ ሞዝ የተባለች ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ገዛና ወደ ኬንያ አመጣ። ዝሆንን ከአየር ላይ መፈለግ ይቻል እንደሆነ ለመሞከር ወደ ቮይ ሲነሣ ቤሪልን አብረሽኝ ነዪ ብሎ ጋብዟት ነበር። እርሷም እሺ ብላ ነበር። ካምቤል ብላክ ግን በዚያ ቀን እንዳትሄድ ለመናት፤ ምክንያቱን በግልጽ አልተናገረም፤ ደስ አላለኝም ብቻ ነበር ያለው። ሰው አይዘኝም የምትለው ሴት በዚህ ጊዜ ምክር ሰማች፤ ቀረች።

ሜይ 14 ቀን 1931 ጧት ፊንች ሃተን ካማው ከተባለው የቤት አገልጋዩ ጋር ከቮይ ሜዳ ተነሣ። አውሮፕላኗ ጥቂት ከፍ እንዳለች ወደቀችና በእሳት ጋየች። ሁለቱም ሞቱ። ፊንች ሃተን የተቀበረው ከናይሮቢ በሚታዩት በንጎንግ ኮረብታዎች ላይ ነው። ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል። ከእርሱ ጋር ስለተቃጠለው ስለ ካማው ግን ከስሙ በስተቀር የሚነገር እምብዛም የለም። አንድ አብራሪ ወደ ሰማይ ሲወጣ የሚያስይዘው የራሱን ነፍስ ብቻ አለመሆኑን የምንማረው ከዚህኛው ሰው ነው።

ከዚህ አደጋ ሰባት ወር ያህል ቀደም ብሎ እንደዚያችው ያለች ጂፕሲ ሞዝ በአዲስ አበባ ተከስክሳ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው አውሮፕላን የደረሰው በኦገስት 1929 ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሲቃረብ ሂዩበርት ጁልያን የተባለ በትሪኒዳድ የተወለደ ጥቁር አብራሪ ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። ጁልያን ለጥቁር ሕዝብ ክብር የሚቆረቆር፣ ነገር ግን ሰው እንዲያየው አጥብቆ የሚሻ፣ ልብሱና ንግግሩ ከሥራው ቀድሞ የሚታይ ሰው ነበር። በፓራሹት ወርዶ ሹመትና ሽልማት አገኘ። ነገር ግን ከበዓሉ ጥቂት ቀናት በፊት ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን አዲሷን ጂፕሲ ሞዝ አስነሥቶ ሰበራት። ከአገር እንዲወጣም ተደረገ። ጥፋቱን በሌሎች ላይ ቢያላክክም የሰማው አልነበረም። በዚያው ጊዜ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ያለ ብዙ ወሬ ትምህርታቸውን ጨርሰው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቅተዋል።

እነዚህ ሁሉ ታሪኮች የተፈጸሙት የአብራሪን ጠባይ የሚያጠና ትምህርት ባልነበረበት ዘመን ነው። ነገሩ በጥብቅ መታሰብ የጀመረው ከአንድ ታላቅ እልቂት በኋላ ነው። ማርች 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሁለት ግዙፍ ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ከሁለቱ የአንዱ ዋና አብራሪ በድርጅቱ ውስጥ ሌሎችን የሚያሠለጥን፣ የተከበረ ሰው ነበር። ፈቃድ ሳይሰጠው መንደርደር ጀመረ። ከበታቹ ያለው መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ ወጥቷል ወይ ብሎ ቢጠራጠርም ደፍሮ አላስቆመውም። ሞተር አልተበላሸም፤ ክንፍ አልተሰበረም። የተበላሸው ነገር በሰዎቹ መካከል ነበር።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ተመራማሪዎች አብራሪዎችን ወደ ስሕተት የሚመሩትን ዝንባሌዎች ለይተው አወጡ። አንዳንዱ ሰው ደንብ የተጻፈው ለሌላ ነው፣ እኔን ማን ያዝዘኛል ይላል። አንዳንዱ ነገር በገጠመው ቁጥር ሳያስብ የመጣለትን የመጀመሪያ ነገር ያደርጋል። አደጋ በሌላ ሰው ላይ እንጂ በእኔ አይደርስም ብሎ ከልቡ የሚያምን አለ። ጀግንነቱን ለማሳየት ሲል ብቻ የማይደፈረውን የሚደፍር አለ። በመጨረሻም ነገሩ ሲከፋ ዕጣ ፈንታዬ ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አለ። ይህ የመጨረሻው ትሕትና ስለሚመስል ብዙ ሰው አደገኛነቱን አያውቅለትም፤ ነገር ግን አንዲት ሰከንድ በምትቆጠርበት ቦታ ተስፋ የቆረጠ አብራሪ ከደፋሩ ያልተናነሰ ይጎዳል።

የምርመራው ዘዴም ቀላል ነው። ለአብራሪው የተለያዩ የበረራ ሁኔታዎች በጽሑፍ ይሰጡታል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አብራሪ የተሳሳተ ውሳኔ ይወስናል። ያንን ውሳኔ ያስወሰነው ምን ሊሆን እንደሚችል ከተዘረዘሩት ምክንያቶች መካከል ወደ ራሱ ሐሳብ የሚቀርቡትን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል። በዚህም ወደ የትኛው ስሕተት እንደሚያዘነብል ራሱ ያየዋል። የተፈለገው ሰውን ለመክሰስ ወይም ከሥራ ለማስወጣት አይደለም፤ የራሱን ጠላት በስሙ እንዲያውቀው ነው። በአገራችን ባህል ፎካሪና ሸላይ የሚከበር በመሆኑ፣ ጀግንነት ጥፋት ሊሆን ይችላል ሲባል ለሰሚው እንግዳ መምሰሉ አይቀርም። ይሁን እንጂ የጦር ሜዳ ጀግና የሚታገለው ከሰው ጋር ነው። አብራሪ የሚታገለው ከነፋስና ከስበት ጋር ነው፤ እነርሱ ፉከራ አይሰሙም።

ናይሮቢም ይህን ጉዳይ በሐዘን የምታስታውሰው ከተማ ናት። ሜይ 5 ቀን 2007 ሌሊት ከካሜሩን ከተማ ከዱዋላ ወደ ናይሮቢ የተነሣ የኬንያ አየር መንገድ አውሮፕላን በጨለማና በዝናብ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 114 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አውሮፕላኑ የተነሣው ከመቆጣጠሪያው ፈቃድ ሳይቀበል ነበር። ከተነሣ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ እየተጋደመ ሲሄድ ማንም አላስተዋለም፤ ዋናው አብራሪም በመጨረሻ ላይና ታቹ ተምታታበት። መርማሪዎቹ ባወጡት ሪፖርት ውስጥ የዋናው አብራሪ ከልክ ያለፈ በራስ መተማመንና የረዳቱ ዝምተኛነት ተነሥቷል። አንዱ እንዲሰማ፣ ሌላው እንዲናገር ያስፈልግ ነበር። ካምቤል ብላክ በ1931 ስለ ኮምፓስ ያስተምር የነበረው ትምህርት ከሰባ ስድስት ዓመት በኋላም አላረጀም ነበር።

ወደ ቤሪል ታሪክ እንመለስ። ከፊንች ሃተን ሞት በኋላ መብረሯን አላቆመችም። በ1932 ብቻዋን ከኬንያ ተነሥታ እንግሊዝ አገር ደረሰች። በ1933 ደግሞ በክፍያ ሰውና ዕቃ ለማመላለስ የሚያስችለውን ከፍተኛውን ፈቃድ አገኘች፤ በኬንያ ይህን ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። ለፈቃዱ የሚሰጠው ፈተና የሞተርንና የአቅጣጫ አያያዝን ዕውቀት የሚጠይቅ ነበር። ያቺ ከትምህርት ቤት የተባረረች ልጅ ለዚህ ፈተና ሌት ተቀን አጠናች። ፖስታ፣ መድኃኒትና መንገደኛ ይዛ መንገድ ወደሌለባቸው ስፍራዎች ትበር ነበር። ለአዳኞችም የዝሆን መንጋ ያለበትን ቦታ ከአየር ላይ እየፈለገች፣ መልእክቱን በወረቀት ጽፋ፣ በትንሽ ከረጢት ከትታ ትጥልላቸው ነበር። ይህኛው ሥራዋ ዛሬ የሚመሰገን አይደለም፤ ኬንያ ራሷ በ1977 አደንን በሕግ ከልክላለች።

ስሟን በዓለም ያስጠራው ግን በ1936 ያደረገችው በረራ ነው። አትላንቲክ ውቅያኖስን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መሻገር ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ ይቀል ነበር። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መሄድ ግን ነፋስን ፊት ለፊት መግጠም ነው፤ ነዳጅ ያስጨርሳል። ከእንግሊዝ ምድር ተነሥቶ ሳያርፍ፣ ብቻውን በዚህ አቅጣጫ ሰሜን አሜሪካ የደረሰ ሰው እስከዚያን ጊዜ አልነበረም። አውሮፕላኑን የሰጣት ከላይ ስሙን ያነሣነው ጆን ካርበሪ ነበር። አውሮፕላኑ ፐርሲቫል ቬጋ ጋል ይባላል፤ ባለ አንድ ሞተር ሲሆን ለጉዞው ሲባል ተጨማሪ የነዳጅ ታንኮች በመንገደኛ መቀመጫው ስፍራ ተገጥመውለት ነበር። ሬዲዮ አልነበረውም። ካርበሪ በዚያው ወር መጨረሻ ከእንግሊዝ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚደረግ የአውሮፕላን እሽቅድምድም ላይ ሊሳተፍበት ስላሰበ ቶሎ እንዲመለስለት ይፈልግ ነበር።

ተማሪዎች ይህን ነጥብ ልብ በሉ። አብራሪን የሚያቻኩለው የራሱ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ቀጠሮም ያቻኩለዋል። ቤሪል በአቢንግደን ሜዳ አየሩ እስኪስተካከል ድረስ ለቀናት ጠበቀች። አየሩ ግን አልተስተካከለም። ጋዜጠኞች ይጠይቃሉ፤ ባለ አውሮፕላኑ ይጠብቃል፤ ቀኑ ይገፋል። በመጨረሻ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1936 ምሽት፣ የአየሩ ሁኔታ መጥፎ እንደሆነ እያወቀች፣ ተነሣች። በዛሬው መለኪያ ቢታይ ይህ ውሳኔ ለተማሪ አብራሪ የስሕተት ምሳሌ ሆኖ የሚቀርብ ነው። ስለተሳካ ብቻ ትክክል ነበር ማለት አይቻልም።

ነገር ግን በጉዞው ውስጥ ሌላዋ ቤሪልም ታየች። በውቅያኖሱ ላይ፣ በድቅድቅ ጨለማና በዝናብ ውስጥ፣ ሞተሩ ድንገት ዝም አለ። የመጀመሪያው ታንክ ነዳጅ አልቆ ነበር። ታንኮቹ የነዳጅ መጠን መለኪያ ስላልነበራቸው አንዱ ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያም የሌላውን መክፈቻ ማዞር ነበረባት። ሞተሩ ሲቆም አውሮፕላኑ ወደ ባሕሩ መውረድ ጀመረ። በዚህ ጊዜ የሰው ልጅ ደመ ነፍስ የሚያዝዘው መሪውን ወደ ራስ መሳብ ነው፤ ከባሕሩ ለመሸሽ። ይህን ያደረገ ግን ይሞታል፤ አፍንጫው ሽቅብ የተመለሰ፣ ሞተሩ የቆመ አውሮፕላን ፍጥነቱን ያጣል፣ ክንፎቹም መሸከም ያቅታቸዋል። ትክክለኛው ነገር ለዐይን እብደት የሚመስለው ነው፤ መሪውን ወደ ፊት ገፍቶ ወደ ባሕሩ መውረድ፣ በዚያም መካከል በጨለማ የታንኩን መክፈቻ በዳሰሳ መፈለግ። ቤሪል ይህንኑ አደረገች። ሞተሩ እንደገና ሲነሣ አውሮፕላኑ ከውሃው ብዙም አይርቅም ነበር። ከዚያ እንደገና ወደ ላይ ወጣች። በዚያች ቅጽበት እጇን የመራው ድፍረቷ አልነበረም፤ በናይሮቢ ሜዳ ላይ የተደጋገመ ልምምድ ነበር።

ከ20 ሰዓታት በላይ ከበረረች በኋላ የካናዳ ምድር ታየ። መድረሻዋ ኒው ዮርክ ነበር። ነገር ግን በመጨረሻው ታንክ የአየር መተንፈሻ ላይ በረዶ በመጋገሩ ነዳጁ ወደ ሞተሩ መፍሰስ አቆመ። ሞተሩ ይቆማል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይቆማል። በኖቫ ስኮሺያ፣ በኬፕ ብሬተን ደሴት፣ ሜዳ መስሏት ያረፈችበት ቦታ ድንጋይ የበዛበት ረግረግ ሆነ። ጎማዎቹ ተቀረቀሩ፤ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ተተከለ፤ የእርሷም ግንባር ተሰነጠቀ። ደሟን እየጠረገች በእግሯ ከረግረጉ ወጣች። ኒው ዮርክ ባትደርስም ውቅያኖሱን ተሻግራ ነበር፤ በማግሥቱ በዚያች ከተማ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላት።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ከአቢንግደን በተነሣች በ15ኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1936፣ መምህሯ ቶም ካምቤል ብላክ በሊቨርፑል ሞተ። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ከጓደኛው ከስኮት ጋር ከእንግሊዝ እስከ አውስትራሊያ፣ እስከ ሜልቦርን ድረስ የተደረገውን ታላቅ የአየር እሽቅድምድም ሦስት ቀን በማይሞላ ጊዜ አጠናቅቆ ያሸነፈ ነበር። የሞተው በሰማይ ላይ አይደለም። መሬት ላይ አውሮፕላኑን እየነዳ ወደ መነሻው ሲሄድ፣ በማረፍ ላይ የነበረ የጦር አውሮፕላን ሳያየው መጥቶ መታው። ሌሎችን ጥንቃቄ ሲያስተምር የኖረ ሰው በሌላ ሰው አለማየት ሞተ።

ቤሪል ከዚህ በኋላ ወደ ረጅም በረራ አልተመለሰችም። አሜሪካ ኖረች፤ በ1942 የልጅነቷንና የበረራዋን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉ በጦርነቱ ጊዜ ስለወጣ ብዙ ሳይነበብ ተረሳ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኬንያ ተመልሳ ወደ ጥንት ሙያዋ፣ ወደ ፈረሶቿ ገባች፤ ለብዙ ዓመታትም በአገሩ ካሉት አሠልጣኞች አንደኛዋ ነበረች። በእርጅናዋ ዘመን ገንዘብ አልነበራትም። በናይሮቢ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አጠገብ በአንዲት ትንሽ ቤት ትኖር ነበር። በ1983 መጽሐፏ እንደገና ታትሞ በብዙ አገር ሲነበብ፣ ያቺ የተረሳች አሮጊት በ80 ዓመቷ እንደገና ዝነኛ ሆነች።

ቤሪል ማርካም በኦገስት 3 ቀን 1986 በናይሮቢ አረፈች። ዕድሜዋ 83 ዓመት ነበር። አትላንቲክን የተሻገረችበት ሃምሳኛ ዓመት ሊከበር አንድ ወር ቀርቶት ነበር።